እናት ኩባንያውን ከመክሰሳችን በፊት

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በየቴሌግራም ግሩፑ ሲዘዋወር ከርሟል። እኔ ጋ ብቻ ከሦስት ሰው ደርሷል። ጥሩ ተጽፏል፤ አንዴ ከጀመሩት አያስቆምም። ጸሐፊው ለተራው አስቀማጭ እንደሚቆረቆሩ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል። እኔም እቆረቆራለሁ። ለዚህም ነው መልስ ለመጻፍ የተነሳሁት። ጽሑፉ ጥፋተኛውን ስቶታል ብዬ አምናለሁ።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ አንባቢ ሁለት ቃል ልበል። የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ ራሱ ተቀማጭ አይሰበስብም። የባንክ አክሲዮን ይዞ ባንኩን የሚቆጣጠር እናት ኩባንያ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ባንኩ ጋ ነው። ባለሀብቱ ገበያ ላይ የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የእናት ኩባንያውን አክሲዮን ነው። በእናት ኩባንያው ሥር ከባንኩ ሌላ የቤት ብድር ድርጅት፣ የኢንሹራንስ ድርጅት ወይም የአክሲዮን ሻጭ ሊኖር ይችላል። እነዚህ ለባንኩ እህት ኩባንያዎች ናቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። አንደኛ፣ ሆልዲንግ ኩባንያ የዎል ስትሪት ትልልቅ ባንኮች ከሕግ ለማምለጥ የፈጠሩት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ በ1956 የወጣውን የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ ሕግ ያጻፉት ራሳቸው ትልልቆቹ ናቸው። ሦስተኛ፣ የ2008ቱን ቀውስ ያመጣው ይህ አደረጃጀት ነው። አራተኛ፣ ሆልዲንግ ኩባንያዎች የትንንሽ ከተሞችን ተቀማጭ ወደ ትልልቅ ከተሞች አሻግረዋል፤ ትንንሽ ባንኮችንም ውጠዋል። ከዚህ ተነስተው ጸሐፊው አደረጃጀቱ ጭራሽ በሕግ ይታገድ ይላሉ።

የመጀመሪያው ግማሹ እውነት ነው። ሆልዲንግ ኩባንያ ክልከላን ለመዞር የተበጀ መንገድ መሆኑን አልክድም። ግን የተከለከለው ምን ነበር? ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ አያነሳም።

የተከለከለው ቅርንጫፍ መክፈት ነው። በ1927 የወጣው የማክፋደን ሕግ ለብሔራዊ ባንኮች (ፈቃዳቸውን ከፌዴራል መንግሥት ለሚያገኙት) በሩን ገርበብ አደረገላቸው፤ ከግዛታቸው ተሻግረው ቅርንጫፍ መክፈትን ግን ዘጋባቸው። በየግዛቱም ተጨማሪ ክልከላ ነበር። እንደ ኢሊኖይና ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች ባንክ ማለት አንድ ሕንጻ ነበር፤ ሁለተኛ ቢሮ የለም። ለዚህ ነው በ1921 አሜሪካ ውስጥ ወደ 30,000 የሚጠጉ ባንኮች የነበሩት።

እስቲ በዚያ ዘመን በሰሜን ዳኮታ ሜዳ ላይ ያለች አንዲት የስንዴ ከተማ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። አንድ ባንክ አላት። አስቀማጮቹ ገበሬዎች ናቸው። ተበዳሪዎቹም እነዚያው ገበሬዎች ናቸው። ባለሱቁም የሚበደረው ለገበሬዎቹ ዱቤ ሊሰጥ ነው። የስንዴ ዋጋ ወደቀ እንበል። ገበሬው የብድሩን ክፍያ ማሟላት ያቅተዋል። ያው ገበሬ በዚያው ሰሞን ለቤት ወጪ ተቀማጩን ሊያወጣ ይመጣል። ባንኩ በሁለት በኩል ተመታ ማለት ነው። ዝናብና ዋጋ የሰመረለት ሌላ አካባቢ ቅርንጫፍ ቢኖረው ከዚያ ገንዘብ ያመጣ ነበር። ግን የለውም፤ ሕጉ ከልክሎታል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእርሻ ምርት ዋጋ ሲያሽቆለቁል፣ በ1920ዎቹ ብቻ ከ5,000 በላይ ባንኮች ተዘጉ። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ የገጠር ባንኮች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በመጣው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ተከተሏቸው። ካናዳ ጎረቤት ናት፤ ስንዴም ታመርታለች። ባንኮቿ ግን በመላ አገሪቱ ቅርንጫፍ ነበራቸው። በዚያ ድቀት አንድም ባንክ አልወደቀባትም።

ከዚህ ችግር መውጫ ብለው ወደ ሆልዲንግ ኩባንያ ከሮጡት መካከል የሚኒያፖሊስ ሰዎች ይገኛሉ። በ1929 ኖርዝዌስት ባንኮርፖሬሽንና ፈርስት ባንክ ስቶክ የሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች እዚያ ተቋቋሙ። የአካባቢውን ባንኮች አክሲዮን እየገዙ አንድ ላይ ሰበሰቡ። እያንዳንዱ ባንክ በየከተማው ስሙንና ፈቃዱን ይዞ ቀረ፤ ከጀርባው ግን የሚደግፈው ቡድን አገኘ። ሁለቱም ድቀቱን ተሻገሩ። የመጀመሪያው ዛሬ ዌልስ ፋርጎ ውስጥ አለ፤ ሁለተኛው ዩኤስ ባንኮርፕ ሆኗል። ሚኒያፖሊስ ደግሞ ከዎል ስትሪት በጣም ሩቅ ናት።

ጸሐፊው ዲትሮይትን ቢያነሱ ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር። ሳያነሱት ስለቀሩ እኔ ላንሳላቸው። እዚያም በ1920ዎቹ መጨረሻ ሁለት ትልልቅ የባንክ ቡድኖች ነበሩ። ባንኮቹ እየተጎዱም እናት ኩባንያዎቹ ለባለአክሲዮኖቻቸው የትርፍ ድርሻ መክፈል ስለፈለጉ ከባንኮቹ ገንዘብ ይስቡ ነበር። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1933 ዲትሮይት ያለችበት የሚሺጋን ግዛት ገዥ የግዛቱን ባንኮች በሙሉ ዘጉ። ድንጋጤው ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛመተ፤ በማርች አገሪቱ በሙሉ ባንክ ዘጋች። ሚኒያፖሊስና ዲትሮይት የነበራቸው ሕጋዊ ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው። ገንዘቡ የፈሰሰበት አቅጣጫ ግን ይለያያል። አንዱ ጋ ከእናት ወደ ባንክ፣ ሌላው ጋ ከባንክ ወደ እናት። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ 1956ቱ ሕግ ልሂድ። እዚህ ላይ ጽሑፉ ታሪኩን ገልብጦታል። ሕጉ ሲወጣ በሁሉም ዓይን ውስጥ የነበረው አንድ ኩባንያ ነው፦ ትራንስአሜሪካ። ያቋቋመው የጣሊያን ስደተኞች ልጅ የሆነው አማዴዮ ጂያኒኒ ነው። በ1904 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ባንክ ኦፍ ኢታሊን ከፈተ፤ ኋላ ባንክ ኦፍ አሜሪካ የተባለው ነው። በ1928 ትራንስአሜሪካን መሠረተ። ኩባንያው በምዕራብ አሜሪካ አምስት ግዛቶች ውስጥ ከባንክ ተቀማጭ ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን እስከመቆጣጠር ደረሰ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ በ1948 በጸረ ሞኖፖሊ ሕግ ክስ መሠረተ። ውሳኔውም ትራንስአሜሪካ አክሲዮኖቹን ይሽጥ የሚል ነበር። በ1953 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው።

ፌዴራል ሪዘርቭ በፍርድ ቤት ያላገኘውን ከኮንግረስ ጠየቀ። ከጎኑ ቆመው ሕጉ እንዲወጣ አጥብቀው የወተወቱት ደግሞ ትንንሾቹ ባንኮች ናቸው። የነጻ ባንኮች ማኅበራቸው ለዓመታት ታግሎለታል። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በሜይ 1956 ፈረሙበት። ሕጉ የሁለትና ከዚያ በላይ ባንኮችን 25 በመቶ አክሲዮን የያዘ ኩባንያ በፌዴራል ሪዘርቭ ሥር እንዲመዘገብ አስገደደ። ከባንክ ጋር የማይገናኝ ንግድ እንዳይይዝ ከለከለው። የሌላ ግዛት ባንክ እንዳይገዛም አገደው፤ ያ ግዛት በሕግ ካልፈቀደ በቀር። ትራንስአሜሪካ ባንኮቹን ለይቶ ለማውጣት ተገደደ። ትልልቆቹ ለራሳቸው ያጻፉት ሕግ ትልቁን ኩባንያ ለሁለት አይከፍልም።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታ ግን አለ። ሕጉ ቀዳዳ ነበረው። «ሁለትና ከዚያ በላይ» ስለሚል አንድ ባንክ ብቻ የያዘ እናት ኩባንያ ነጻ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ትልልቆቹ በዚህ ቀዳዳ ገቡ። ዛሬ ሲቲግሩፕ የምንለው በ1968 አንድ ባንክ የያዘ ሆልዲንግ ሆነ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ቀዳዳው በ1970 መጨረሻ በማሻሻያ ተደፈነ።

የ2008ቱ ነጥብ ብዙ ሰው የተቀባበለው ስለሆነ ጠጋ ብዬ ላየው እፈልጋለሁ። በዚያ ዓመት የወደቁትንና ለመውደቅ የተቃረቡትን በስም እንጥራ። ቤር ስተርንስና ሌማን ብራዘርስ ኢንቨስትመንት ባንኮች፣ ማለትም በዋናነት አክሲዮንና ቦንድ የሚያሻሽጡ፣ ነበሩ፤ የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ አልነበሩም። ኤአይጂ የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ የቤት ብድር እየገዙ ዋስትና የሚሰጡ ተቋማት ናቸው። 307 ቢሊዮን ዶላር ሀብት ይዞ የወደቀው ዋሽንግተን ሚውቹዋል በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የባንክ ውድቀት ነው። እሱም የቁጠባ ተቋም ነበር፤ እናት ኩባንያው ተጠሪነቱ ለፌዴራል ሪዘርቭ ሳይሆን ለሌላ መሥሪያ ቤት ነበር። ካንትሪዋይድ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስተምራል። የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ ነበር። በ2007 መጀመሪያ ግን ፈቃዱን ቀይሮ ወደዚያው የቁጠባ ተቋማት ተቆጣጣሪ ዞረ። ያ መሥሪያ ቤት ከቀውሱ በኋላ በሕግ እንዲፈርስ ተደርጓል።

ታዲያ የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያዎች ንጹሕ ነበሩ? አልነበሩም። ሲቲግሩፕ የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ ነው። 45 ቢሊዮን ዶላር የመንግሥት ካፒታል ወስዷል፤ 300 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለሚሆን ንብረቱም የኪሳራ ዋስትና ተሰጥቶታል። ዋኮቪያም ሊወድቅ አፋፍ ላይ ደርሶ ነው ለዌልስ ፋርጎ የተሸጠው። ይህን ሳልቆጥር ባልፍ እኔም እንደ ጸሐፊው የሚመቸኝን ብቻ መረጥኩ ማለት ነው። ግን ኢንሹራንሱም፣ ኢንቨስትመንት ባንኩም፣ የቁጠባ ተቋሙም፣ ሆልዲንግ ኩባንያውም በአንድ ዓይነት በሽታ ከታመሙ በሽታው የሆልዲንግ አደረጃጀት ሊሆን አይችልም። ሁሉም ጋ የነበረው መጥፎ የቤት ብድር፣ ትንሽ ካፒታል (ኪሳራ ሲመጣ የሚሸከመው የባለቤቶቹ ገንዘብ) እና ሲጨንቅ የሚሸሽ የአጭር ጊዜ ብድር ነው።

ጸሐፊው ጎልድማን ሳክስንና ሞርጋን ስታንሊን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። በሴፕቴምበር 21 ቀን 2008፣ እሑድ ምሽት፣ ሁለቱም የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ እንዲሆኑ ተፈቀደላቸው። «መጠለያ መሆኑን አያችሁ?» ነው ክርክሩ። አዎ፣ ለጊዜው መጠለያ ሆኗል። መግቢያው ግን ነጻ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፌዴራል ሪዘርቭ ተቆጣጣሪዎች ቤታቸው ገቡ፤ የካፒታል መስፈርቱም ያዛቸው። መጠለያው ያለ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ማንም አይወጣም ነበር። ሜትላይፍ የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ግን ከዚህ ቁጥጥር ለመውጣት ብሎ የባንክ ሥራውን ሸጦ በ2013 ወጥቷል።

አሁን ወደ ትንንሽ ከተሞች። ገንዘብ ከትንሽ ከተማ ወደ ትልቅ ከተማ ሄዷል የሚለው በአንዳንድ ቦታ ልክ ነው። ሌላው አቅጣጫ ግን ተረስቷል። በ1975 የሜይን ግዛት የሌላ ግዛት ሆልዲንግ ኩባንያዎች ገብተው ባንክ እንዲገዙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ የዚያ ግዛት በርም ለእሷ ክፍት ከሆነ ብላ። ሜይን ትልቅ ግዛት አይደለችም። ይህን ያደረገችው ካፒታል እንዲመጣላት ነው። ሌሎች ግዛቶችም በ1980ዎቹ ተከተሉ። በ1994 ሪግል ኒል የተባለው ሕግ በሩን በአገር ደረጃ ከፈተው። በ1996 ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ጃያራትኔና ስትራሃን፣ የቅርንጫፍ ክልከላ በየግዛቱ ሲነሳ የሆነውን አጥንተው አሳተሙ። የግዛቶቹ የነፍስ ወከፍ ገቢ ዕድገት ተፋጥኖ ነበር። የሚገርመው ምክንያቱ ነው፦ በዋናነት የተሻሻለው የብድሩ ብዛት ሳይሆን ጥራቱ ነው።

የባንኮች ቁጥር መቀነሱስ? ቀንሷል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ14,000 በላይ ንግድ ባንኮች ነበሩ፤ ዛሬ ወደ 4,000 ናቸው። ግን አንድ ነገር እናስተውል። ቅርንጫፍ በተከለከለበት ዘመን አንድ ሆልዲንግ ሃያ ባንክ ቢይዝ ሃያ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ክልከላው ሲነሳ እነዚያ ሃያዎቹ ተዋሕደው አንድ ባንክና አሥራ ዘጠኝ ቅርንጫፍ ሆኑ። ከጠፋው ቁጥር ከፊሉ ይሄ ነው። ከፊሉ ደግሞ እውነተኛ መዋጥ ነው፤ እሱን አልሸፍነውም። የከተማውን ነጋዴ አባቱን ጭምር የሚያውቀው የብድር ሠራተኛ ሄዶ ውሳኔው ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሰጥ፣ በወረቀት ላይ የማይታይ እውቀት አብሮ ይጠፋል። የሚጎዳው ትንሹ ነጋዴ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላየው ግን ትንሹን ሆልዲንግ ነው። «የባንክ ሆልዲንግ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ትልልቆቹን ነው። አብዛኞቹ ሆልዲንግ ኩባንያዎች ግን አንድ ባንክ ብቻ የያዙ የትንሽ ከተማ ኩባንያዎች ናቸው። እንዴት እንደሚሠሩበት ላሳያችሁ። አንድ የከተማ ባንክ ካፒታል ቢያንሰው ተበድሮ መሙላት አይችልም፤ ብድር ለባንኩ ዕዳ ነው። እናት ኩባንያው ግን ለምሳሌ 5 ሚሊዮን ዶላር ከሌላ ባንክ ተበድሮ በአክሲዮን መልክ ባንኩ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ባንኩ ጋ ሲደርስ ካፒታል ይሆናል። ባንኩም በዚያ ላይ ቆሞ ለገበሬውና ለሱቁ ያበድራል። ፌዴራል ሪዘርቭ ይህን ሀብታቸው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ለሆኑ ኩባንያዎች ይፈቅዳል፤ እናት ኩባንያውም ዕዳውን በ25 ዓመት ውስጥ እንዲጨርስ ይጠበቃል። አደጋ አለው። ዕዳው የሚከፈለው ከባንኩ ትርፍ ነው፤ ትርፉ ሲጠፋ እናት ኩባንያው ይጨናነቃል። ለብዙ ትንንሽ ባንኮች ግን ሳይሸጡ ለመቆየት ካላቸው መንገድ አንዱ ይሄ ነው። አደረጃጀቱ ይታገድ ሲባል መጀመሪያ የሚጎዱት ጸሐፊው የሚቆረቆሩላቸው እነዚህ ናቸው።

ደግሞስ ማገድ ምን ይፈታል? 2023ን እንይ። በማርች ሲሊከን ቫሊ ባንክ ወደቀ፤ እናት ኩባንያ ነበረው። በዚያው ሳምንት ማብቂያ ሲግኔቸር ባንክ ተከተለ፤ እናት ኩባንያ አልነበረውም። በሜይ መጀመሪያ ፈርስት ሪፐብሊክ ባንክ ወደቀ፤ እሱም አልነበረውም። ከሦስቱ ሁለቱ ጸሐፊው እንደሚመኙት «ባንክ ብቻ» ነበሩ፤ አልዳኑም። መታገድ ሳያስፈልጋቸው በፈቃዳቸው የወጡም አሉ። ባንክ ኦዜድኬ በ2017፣ ዛየንስ በ2018 ሆልዲንግ ኩባንያቸውን ከባንካቸው ጋር አዋሕደው አስቀርተዋል። ዓለም አልተለወጠም።

ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በእናት፣ በባንክና በእህት ኩባንያዎች መካከል ገንዘብ በሚፈስበት ቧንቧ ነው። በ1976 በቴነሲ ግዛት የወደቀውን የቻተኑጋውን ሃሚልተን ናሽናል ባንክ ተመልከቱ። በዚያው እናት ኩባንያ ሥር አትላንታ ውስጥ የቤት ብድር ድርጅት ነበር። የሪል እስቴት ገበያው ሲወድቅ የአትላንታው ድርጅት መጥፎ ብድሮቹን ወደ ቻተኑጋው ባንክ አሻገረ። ቻተኑጋ ውስጥ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው ስለ አትላንታ ሕንጻ ምን ያውቃል? ባንኩ በእህቱ ብድር ሞተ። በ1974 ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ቤቨርሊ ሂልስ ባንኮርፕ የተባለው እናት ኩባንያ በአጭር ጊዜ የዕዳ ሰነድ የሰበሰበውን ገንዘብ መክፈል አቃተው። ሰው የኩባንያውን ስም በዜና ሲሰማ ተመሳሳይ ስም ወዳለው ባንክ ሮጦ ገንዘቡን ማውጣት ጀመረ። ባንኩ ለዌልስ ፋርጎ ተሸጠ።

የቴክሳሱ ኤምኮርፕ ታሪክ ከሁሉም ያናድደኛል። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ባንኮቹ እየታመሙ ሳለ እናት ኩባንያው ገንዘብ ነበረው። ፌዴራል ሪዘርቭ አስገባላቸው ሲለው ፍርድ ቤት ሄደ። በማርች 1989 ከ25ቱ ባንኮቹ 20ው ተዘጉ። እናት ኩባንያ ለባንኩ የጉልበት ምንጭ መሆን አለበት የሚለው መርሕ በኮንግረስ ሕግ በግልጽ የተጻፈው በ2010 ነው፤ ከኤምኮርፕ ከሃያ ዓመት በኋላ።

ቧንቧውን የሚጠብቅ ሕግ ከ1933 ጀምሮ አለ። ባንክ ለአንድ እህት ኩባንያ ከካፒታሉ 10 በመቶ፣ ለሁሉም በድምሩ ከ20 በመቶ በላይ እንዳያበድር ይከለክላል። ጸሐፊው ይህን ድንጋጌ ቢያውቁት ኖሮ ትልቁን ማስረጃቸውን እዚህ ያገኙት ነበር። በኦገስት 2007፣ የቤት ብድሩ ገበያ መናጥ ሲጀምር፣ ፌዴራል ሪዘርቭ ራሱ ለትልልቅ ባንኮች ከዚህ ገደብ ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ሰጠ። ሲቲባንክና ባንክ ኦፍ አሜሪካ እያንዳንዳቸው በእህት ኩባንያቸው በኩል እስከ 25 ቢሊዮን ዶላር እንዲያበድሩ ተፈቀደላቸው። የአስቀማጩ ገንዘብ የአክሲዮን ሻጩን ደንበኞች እንዲደግፍ ማለት ነው። ከ2010 ወዲህ እንዲህ ያለ ነጻነት ሲሰጥ የተቀማጭ ዋስትና ኮርፖሬሽኑ አስቀድሞ ሊነገረውና ሊቃወም ይችላል። እኔ ከዚህም አልፎ እያንዳንዱ ፈቃድ ተግባራዊ ከመሆኑ በፊት ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ጸሐፊው በዚህ ላይ ቢጽፉ እኔም አብሬ እፈርማለሁ።